የአርባ ሰከንድ ወረፋ

የሆስፒታሉን ዌብሳይት የምትጠብቀውን ሴት ቤተሰቦቿ ችኩሌ ይሏታል። በሰባት ወሯ ስለተወለደች እናቷ ያወጡላት ስም ነው። "ዘጠኝ ወር መታገሥ ያቃታትን ልጅ ሌላ ምን ልበላት?" ይላሉ። አንድ ቀን በቢሮው ስልክ ደውለው "ችኩሌን አቅርቡልኝ" ካሉ ወዲህ ስሙ ተከትሏት ሥራ ቦታም ገባ። እሷም አልጠላችውም። ሥራዋ ነገርን ማፍጠን ነው፤ ቀርፋፋ ነገር ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ አንጀቷን ያሳርራታል።

ያን ሰሞን ግን ከሁሉም የቀረፈፈው የገዛ ዌብሳይቷ ሆነ።

ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣ በሽተኛ መጀመሪያ የሚሄደው ካርድ ክፍል ነው። ከስድስቱ መስኮቶች ወደ አንዱ ቀርቦ ስሙን ይናገራል። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ስሙን ዌብሳይቱ ላይ ትጽፍና "ፈልግ" የሚለውን ትጫናለች፤ ዌብሳይቱም ካርዶቹ ሁሉ የተከማቹበትን ዳታቤዝ ጠይቆ ካርዱን ያመጣል። ከዚያ ሐኪሙም፣ ላቦራቶሪውም፣ መድኃኒት ቤቱም ያንኑ ካርድ በየኮምፒውተራቸው ይከፍቱታል። ድሮ ይህ ሁሉ ዐይን ከመጨፈን አይበልጥም ነበር። አሁን ጠዋት ስድስቱም መስኮቶች ሲከፈቱ አንድ ስም ለማግኘት አርባ ሰከንድ ይፈጃል።

አርባ ሰከንድ በወሬ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ትኩሳት ያለበት ሕፃን ታቅፎ፣ ከፊቱ ሠላሳ ሰው ቆሞ ለሚጠብቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ወረፋው ከአዳራሹ ወጥቶ፣ ደረጃውን ወርዶ መኪና ማቆሚያው ዘንድ ደረሰ። ጥበቃው ከካርቶን ቁጥር እየቆረጠ ማደል ጀመረ። በየመስኮቱ ያሉት ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ የሚናገሩት አንድ ቃል ብቻ ሆነ፦ "ሲስተሙ ቆሟል፤ ታገሡ።" ሕዝቡም ሲስተም የሚባለው ሰው ይመስል ይረግመው ነበር።

የካርድ ክፍሉ ኃላፊ እትዬ ካርድ ይባላሉ። ካርድ ወረቀት በነበረበት ዘመን ተቀጥረው፣ ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ አብረው የገቡ፣ ጡረታ የቀረባቸው ሴት ናቸው። በየቀኑ አራት ሰዓት ሲሆን ደረጃውን ወጥተው የችኩሌን ቢሮ በር በጣታቸው ያንኳኳሉ።

"ዛሬስ፣ ልጄ?"

"እየፈለግሁት ነው፣ እትዬ።"

"እኔም እየፈለግሁ ነው። አንድ ሰው ስፈልግ ሻይ አዝዤ፣ መጥቶልኝ፣ ጠጥቼ ጨረስኩ። ሰውየው ግን እስካሁን የለም።"

ችኩሌ መሳቅ ነበረባት፤ ግን አልቻለችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልነካካችው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ የጠረጠረችው ኔትወርኩን ነው። የኔትወርክ ባለሙያው ትከሻው ላይ ሁልጊዜ የተጠቀለለ ሽቦ ስለማይጠፋ "ገመዱ" ይሉታል። ገመዱ መስኮት በመስኮት እየዞረ ለካና ተመልሶ መጣ።

"መንገዱ ንጹሕ ነው" አለ። "ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ በቅጽበት ይደርሳል። እዚያ ከደረሰ በኋላ የት እንደሚያድር ያንቺ ጉዳይ ነው።"

ቀጥላ የመጀመሪያውን ገጽ ፈተሸች። ሥራ አስኪያጁ ያስለጠፈው፣ ግድግዳ የሚያህል የሕንፃው ፎቶግራፍ ነበረበት። አሳነሰችው። ገጹ ፈጠነ፤ ፍለጋው ግን ከአርባ ሰከንድ ንቅንቅ አላለም። የመድኃኒት ቤቱን የጠዋት ሪፖርት ወደ ከሰዓት አዛወረች። እሱም ጠብ የሚል ነገር አላመጣም። ሥራ አስኪያጁ በበኩሉ ማንንም ሳይጠይቅ ለሰርቨሩ ተጨማሪ ሜሞሪ አስገዛ።

"ችግሩ ሜሞሪ አይመስለኝም" አለችው።

"አንቺ ሦስት ሳምንት 'አይመስለኝም' ስትዪኝ ነው የከረምሽው" አላት። "አሁን ደግሞ ለእኔ ይምሰለኝ።"

ሜሞሪው ገባ። አርባው ሰከንድ ሠላሳ ስምንት ሆነ።

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ" አለች ለራሷ፣ ወንበሯን ከጠረጴዛው እየገፋች። ከሁሉ የሚያንገበግባት ደግሞ ሙከራው ነበር። ከሰዓት መስኮቶቹ ሲዘጉ ራሷ ስትሞክረው በስድስትና በሰባት ሰከንድ ይመለሳል። ያም ቢሆን ቀርፋፋ ነው፤ ግን ጠዋት የሚሆነውን አያሳይም። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚለቀው በሽተኛ ሆነባት።

በመጨረሻ ገና በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረባትን አደረገች። ዳታቤዙ ከአንድ ሰከንድ በላይ የፈጀበትን ጥያቄ ሁሉ እየመዘገበ እንዲያስቀምጥ አዘዘችው። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ መዝገቡን ስትከፍተው አራት ሺህ መስመር ሞልቷል፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበሩ፤ የስም ፍለጋ።

ያንን ጥያቄ ለብቻው አውጥታ "ይህን እንዴት ነው የምትመልሰው?" ብላ ዳታቤዙን ጠየቀችው። መልሱ ዐይኗን አስፈጠጣት። ዳታቤዙ አንድ ስም በተጠየቀ ቁጥር የሆስፒታሉን ስድስት መቶ ሺህ ካርድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ያነብ ነበር። ስሞቹ በፊደል ተራ የተሰደሩበት ኢንዴክስ እያለው አንድም ቀን ገልጦት አያውቅም። ማውጫ ያለውን መጽሐፍ ይዞ ከሽፋን እስከ ሽፋን እንደሚያነብ ሰው ማለት ነው።

ለምን? ምክንያቱ አንዲት አጭር ኮድ ነበረች። ሲስተሙን ከመነሻው የሠሩት፣ አሁን ጡረታ የወጡት አንጋፋ ባለሙያ የጻፏት ናት። ኮዷ የእያንዳንዱን ካርድ ስም ትወስድና ሐመሩን ሐ እና ብዙኃኑን ኀ ወደ ሀሌታው ሀ ትለውጣለች፤ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ ትመልሳለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ከተጠየቀው ስም ጋር የምታስተያየው። ይህን በስድስት መቶ ሺው ስም ላይ፣ በእያንዳንዱ ፍለጋ፣ እንደ አዲስ ትሠራዋለች። ስሙ ከመነጻጸሩ በፊት ስለሚለወጥ ኢንዴክሱ አይረዳም። ከኮዷ በላይ አንድ ማስታወሻ ብቻ አለ፦ "ይህን አትንኩ።"

ለምን እንደማይነካ የሚል ግን የለም።

ችኩሌ ወደ አንጋፋው ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ከሰዓትም ደወለች፤ ዝግ ነው። አርብ ዕለት ሥራ አስኪያጁ በሩን ሳይዘጋ ቆሞ "ሰኞ ጠዋት የቦርዱ አባላት ሊጎበኙን ይመጣሉ። ያንን ወረፋ እንዲያዩ አልፈልግም። ካልቻልሽ ንገሪኝ፤ ከውጭ ሰው አመጣለሁ" አላት።

ኮዷን እንደገና አነበበቻት። ለራሷ እንዲህ ስትል ተከራከረች፦ ይህ ነገር የድሮ ጥንቃቄ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ የበሽተኛው ስም የሚገለበጠው ከመታወቂያው ላይ ነው፤ መታወቂያው ላይ ያለው አጻጻፍ ደግሞ አንድ ነው። የራሷን ስም፣ የእናቷን፣ የገመዱን፣ በጠቅላላው ዐሥር ስም ያለ ኮዷ ሞከረች። ዐሥሩም ወዲያው ተገኙ። እትዬ ካርድን ልጠይቅ ብላ ነበር፤ ግን እሳቸው ታች በሕዝብ ተከበው ይጮህባቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ ኮዷን አወጣቻት።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ውስጥ ወረፋ አልነበረም። ስሙ ተጽፎ ሳያልቅ ካርዱ ከች ይላል። ጥበቃው ካርቶኑን ታቅፎ ሥራ ፈታ። የቦርዱ አባላት ዞረው አይተው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ ሥራ አስኪያጁም ደረቱን ነፍቶ "አዲስ ሜሞሪ አስገብተን ነው" ሲላቸው ችኩሌ ከኋላ ቆማ ሰማችው። ቢያንስ ሕዝቡ መቆሙ ቀርቷል ብላ ራሷን አጽናናች።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ። በዐሥረኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ እትዬ ካርድ ደወሉ። ደረጃውን አልወጡም።

"እስቲ አንዴ ነይ" አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

ወርዳ ስትገባ በሩን ዘግተው ወንበር ሳቡላት። "ውስጥ የተኙ አንድ ልብስ ሰፊ አሉ" ብለው ጀመሩ። "ለደረታቸው ሃያ ዓመት እዚሁ የተመላለሱ ሰው ናቸው። ትናንት መጥተው ስማቸውን ተናገሩ፤ ልጅቷ ከመታወቂያቸው ላይ እያየች ጻፈች፤ ካርድ የለም። 'ኧረ አለኝ' አሉ። ደግማ ፈለገች፤ የለም። ምን ታድርግ፣ አዲስ ካርድ ከፈተችላቸው። ሐኪሙ 'የማይስማማዎ መድኃኒት አለ?' ብሎ ሲጠይቃቸው ምን አሉ መሰለሽ? 'ካርዱ ላይ ተጽፏል' አሉ።"

"ታዲያስ?" አለች ችኩሌ።

"ካርዱ ግን ባዶ ነው" አሉ እትዬ። "ፔኒሲሊን ተወጉ። ፊታቸው አበጠ፤ ጉሮሯቸው ሊዘጋ ሲል ነርሷ ደረሰችላቸው። አሁን ደኅና ናቸው ይላሉ። የድሮው ካርዳቸው ላይ እኮ፣ እኔ ራሴ ነኝ በቀይ ያስጻፍኩት፣ ከላይ፣ 'ፔኒሲሊን ፈጽሞ አይሰጥ' ተብሏል።"

"የድሮው ካርድ አሁን የታለ?"

"ያው ኮምፒውተርሽ ውስጥ። በሐመሩ ሐ ስጽፈው መጣ።"

መታወቂያው ላይ የሰፊው ስም የሚጀምረው በሀሌታው ሀ ነበር። ችኩሌ ደረጃውን እየሮጠች ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ከዚያ ያወጣቻትን ኮድ በራሷ ኮምፒውተር ላይ አሠርታ በእነዚያ ቀናት የተከፈቱትን አዳዲስ ካርዶች ከድሮዎቹ ጋር አስተያየቻቸው። ሦስት መቶ ዐሥራ አንድ ሰው ሁለት ሁለት ካርድ ኖሮታል። መታወቂያ የሌለው አለ፣ መታወቂያ አውጪው በፈለገው ፊደል የጻፈለት አለ፣ ልጁን በሌላ ፊደል ያስመዘገበ አባት አለ። ዐሥር ስም ሞክራ ስድስት መቶ ሺውን ያወቀች መስሏት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ሁሉንም ነገረችው፤ ፍጥነቱ ከየት እንደመጣ ጭምር። እሱ እርሳሱን በጣቱ እያሽከረከረ አዳመጣት።

"ሰውየው ድነዋል?"

"ድነዋል።"

"እንግዲያው ነገሩን አናጋንነው። ሠራተኞቹ ስሙን በአንዱ ፊደል ካጡት በሌላው እንዲሞክሩ መመሪያ ይጻፍላቸው።"

"አንድ ስም ውስጥ እንዲህ ያሉ ሦስት ፊደሎች ካሉ ስንት ጊዜ ይሞክሩ? ወረፋ ይዞ የቆመ ሰው ፊት ስንቴ ነው የሚሞከረው?"

"ወረፋው እንዲመለስ አልፈቅድም።"

"ፈቃድ ልጠይቅዎ አልመጣሁም" አለች። "ኮዷን ዛሬ ከሰዓት እመልሳታለሁ። ላሳውቅዎ ነው።"

መለሰቻት። ሐሙስ ጠዋት አርባው ሰከንድ ከነወረፋው ተመልሶ መጣ፤ እንዲያውም ሰዉ ፍጥነቱን ቀምሶት ስለነበር ካለፈው ይልቅ ተቆጣ። አንድ ሰው መስታወቱን በቡጢ መታው። ከሠራተኞቹ አንዷ፣ ያችው ለሰፊው አዲስ ካርድ የከፈተችላቸው፣ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ገመዱ ደረጃው ላይ አግኝቷት "የቆመውን ሄደሽ ጣልሽው እኮ" አላት፤ ምክንያቱን ስትነግረው ግን ሽቦውን ከትከሻው አወረደ። ከሰዓት በኋላ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ በፖስታ የታሸገ ደብዳቤ አመጣችላት፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። "የአለቃን ትእዛዝ ባለማክበር" ይላል። ስለ ልብስ ሰፊው አንድም ቃል የለበትም።

በዚያው ዕለት ከሥራ ወጥታ አንጋፋው ቤት ሄደች። የግቢያቸውን የብረት በር አረንጓዴ ቀለም እየቀቡ አገኘቻቸው። ስልካቸውን ለምን እንደሚዘጉ ስትጠይቃቸው "ክፍት ሲሆን ስለሚደወል" አሏት። ነገሩን ከመነሻው ነገረቻቸው። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ትተው ቆሙ።

"'አትንኩ' ብዬ ጽፌ አልነበር?"

"ጽፈዋል፣ ጋሼ። ለምን እንደማይነካ ግን አልጻፉም።"

"አንዲት እናት ናት" አሉ። "ልጇን ታቅፋ ስሙን ለሦስት ሠራተኞች ተናገረች፤ ሦስቱም በሦስት ዓይነት ጻፉት፤ ሦስቱም 'የለም' አሏት። ቆሜ አየሁ። በዚያው ዕለት ነው የጻፍኳት።"

"ይህችን አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ኖሮ እኮ..."

"ሁልጊዜ እኔ የምኖር መስሎኝ ነው" አሉ። ይቅርታም ቁጣም የሌለበት አነጋገር ነበር። "ያኔ ካርዱ አራት ሺህ ነው። መዘግየቱ ለማንም አይታወቅም። አሁን ትልቅ ሰርቨር ይግዙ፤ ሌላ መላ የለውም።"

"ሰርቨሩን ዛሬ ብናሳድገው ከሁለት ዓመት በኋላ ካርዱ ይበልጠዋል።"

"እንግዲያው እኔን ምን ልትጠይቂኝ መጣሽ?" ብለው ወደ ቀለማቸው ተመለሱ። ችኩሌ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወጣች። ቀሚሷ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ቀለም መንካቷን ያየችው ቤቷ ከገባች በኋላ ነው።

አርብ ዕለት መንታዎቹን ካርዶች ማጣራት ጀመሩ። የሁለት ካርድ ባለቤት በእርግጥ አንድ ሰው መሆኑን ለማወቅ አንዳንዴ ዋናውን ወረቀት ማየት ግድ ነበር። እትዬ ካርድ የምድር ቤቱን መጋዘን ከፈቱላት። መደርደሪያው እስከ ጣሪያው በአሮጌ ማኅደር ተሞልቷል፤ አየሩ የአቧራና የእርጥበት ነው። እትዬ የመጀመሪያውን በሽተኛ ስም ሲሰሙ ሳያመነቱ ወደ አንድ መደርደሪያ ሄደው ማኅደሩን መዘዙ።

ችኩሌ ቆማ ቀረች። "እትዬ፣ ያኔ ይህ የፊደል ነገር አያስቸግርዎትም ነበር?"

"ለምን ያስቸግረኛል?"

"አንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ በሀሌታው ሀ ሲጽፈው።"

"ሀ ሦስት ዓይነት ነው ብዬ ሦስት መደርደሪያ ላሠራ ኖሯል?" አሉ እትዬ፣ ማኅደሩን ገልብጠው ጀርባውን እያሳዩአት። ጥጉ ላይ፣ በደበዘዘ እርሳስ፣ የሰውየው ስም እንደገና ተጽፏል። "ሰው ስሙን እንደፈለገው ይጻፈው። ፊት ለፊቱ እሱ እንደጻፈው ይቀመጣል። ጀርባው ላይ ግን እኔ በማውቃት በአንዷ ፊደል በእርሳስ እጽፍና በዚያች እደረድራለሁ። ሲመጣም የምፈልገው በእርሳሷ ነው።"

"መቼ ነበር በእርሳስ የሚጽፉት?"

"ካርዱ ሲከፈት ነዋ። ሰው መስኮት ላይ እየጠበቀኝ ይህን ሁሉ ማኅደር ስጽፍ ልውል ነው እንዴ?"

ችኩሌ ማኅደሩን ከእጃቸው ተቀብላ እርሳሱን ለረጅም ጊዜ አየችው። የአንጋፋው ኮድ ስህተት የለባትም፤ ጊዜዋ ነው የተሳሳተው። ዳታቤዙ በእያንዳንዱ ፍለጋ ስድስት መቶ ሺህ ማኅደር እያወረደ በእርሳስ እንደ አዲስ ይጽፋል፤ ሰው መስኮት ላይ እየጠበቀው። አንድ ጊዜ ጽፎ ቢያስቀምጠው ኖሮ ሌላ ሥራ የለበትም። በራሷ በጣም ተናደደች። ሦስት ሳምንት ሰርቨሩን ስትደበድብ መልሱ ከእግሯ በታች፣ ሁለት ፎቅ ወረድ ብሎ ተቀምጦ ነበር።

እሑድ ጠዋት፣ ሆስፒታሉ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ገመዱን ጠርታው አብሯት መጣ። መጀመሪያ የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ አስቀመጡ። ከዚያ በየካርዱ ላይ አንድ አዲስ ዓምድ ጨመረች፤ ስሙን "እርሳስ" አለችው። የአንጋፋውን ኮድ በስድስት መቶ ሺው ስም ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አሠርታ ውጤቱን እዚያ አስቀመጠች፤ ለአዲሱ ዓምድ ኢንዴክስ አበጀችለት፤ የሚጠየቀውም ስም በዚያችው ኮድ ተለውጦ የሚፈለገው በእርሳሱ እንዲሆን አዘዘች፤ ከእንግዲህ የሚከፈት ካርድም ገና ሲመዘገብ እርሳሱ እንዲጻፍለት አደረገች። በሽተኛው ያስመዘገበው ስም ራሱ ግን አልተነካም። በዚህ ጊዜ ዐሥር ስም ብቻ አልሞከረችም። ሦስት መቶ ዐሥራ አንዱንም መንታ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ እትዬ ካርድ በእጃቸው ጽፈው የሰጧትን ሁለት ገጽ "አስቸጋሪ ስሞች" ሞከረች። ገመዱ ያነብላታል፤ እሷ ትጽፋለች፤ ካርዱ ይመጣል። ማስታወሻውንም ጻፈች፤ ኮዷ ለምን እንዳለች፣ ብትወጣ ምን እንደሚሆን፣ አንድ ጊዜ ወጥታ ምን እንደሆነ። ዐሥራ ሁለት መስመር ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ፍለጋው ግማሽ ሰከንድ እንኳ አልሞላም። የልብስ ሰፊው ስም በየትኛውም ፊደል ሲጻፍ ሁለቱም ካርዶች ጎን ለጎን ወጡ፤ አንደኛው ከላይ በቀይ የተጻፈበት። ወረፋው አራት ሰዓት ሳይሞላ ሟሟ። የሚገርመው፣ ማንም ምንም አላለም። የሚረግሙት ሲስተም ሲቀረፍፍ እንጂ ሲፈጥን አይታይም። ችኩሌ ማስጠንቀቂያው ከፋይሏ እንዲወጣላት ሥራ አስኪያጁን ጠየቀችው። "እናየዋለን" አላት። እስከዛሬ እያየው ነው።

መንታዎቹን ካርዶች ማዋሐድ ሌላ ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንዱን ሲያነሡ አንዱ ይመጣል፤ የአንዱ ስልክ አይነሣም፣ ሌላው "ምን አደረግሁ?" ብሎ ይደነግጣል። እትዬ ካርድ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ያነብባሉ፤ ችኩሌ ታዋሕዳለች። የሰፊውን ካርድ ግን በስልክ ልትጨርሰው አልፈለገችም። ከሆስፒታል ከወጡ ሰንብተዋል። ሱቃቸው ድረስ ሄደች።

ሱቋ ከአንድ ክፍል አትበልጥም፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ በመስቀያ የተሞላ ግድግዳ። በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ ቀና ብላ ስታነብ ስማቸው በብዙኃኑ ኀ ተጽፎ አገኘችው። ሦስተኛ አጻጻፍ። ሰፊው ስልሳ ያለፋቸው፣ አንገታቸው ላይ ሜትር ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው።

ማን እንደሆነች ነገረቻቸው። "ያን ቀን ካርድዎ የጠፋው በእኔ ምክንያት ነው" አለች። "ሌላ ማንም አይደለም። ቸኩዬ ሳልጠይቅ የነካሁት ነገር ነበር።"

የመኪናውን ጎማ በእጃቸው አቁመው ቀና ብለው አዩአት።

"እኔ እጅጌ ባጣምም" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሰውየው ይመልሰዋል፤ ፈትቼ አስተካክላለሁ። ያንቺው ግን ጉሮሮ ነበር፣ ልጄ።"

ይቅር ይሉኛል ብላ ነበር የመጣችው፤ ወይም ይቆጡኛል። ሁለቱንም አላደረጉም። ጎንበስ ብለው የጨርቁን ጫፍ ከመርፌው ሥር አስተካከሉ።

"ስምዎን እንዴት ነው የሚጽፉት?" አለች በመጨረሻ። "ካርዱን አንድ ስናደርገው እርስዎ እንደሚፈልጉት እንዲሆን ብዬ ነው።"

ሰፊው ጠመኔ አንሥተው ጥቁር ጨርቅ ላይ ጻፉ። በሐመሩ ሐ። ጥቂት አዩትና "ሰሌዳው ላይ ያለው የቀለም ቀቢው ነው" አሉ። "መታወቂያውም የጸሐፊው። ይኼ አባቴ ያስተማሩኝ ነው።"

"እሺ፣ በዚሁ ይሆናል።"

"አሁንስ ብመጣ ያገኙኛል?"

"ያገኙዎታል። በየትኛውም ቢጽፉት።"

ሰፊው ከመሳቢያቸው የልኬት ደብተር አውጥተው አንድ ገጽ ቀደዱና ከእስክሪብቶ ጋር ሰጧት። "የማይስማማኝን መድኃኒት ስም ጻፊልኝ። በትልቁ። ኪሴ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።"

ችኩሌ በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ፊደል በፊደል ጻፈችላቸው። ተቀብለው ከዐይናቸው አራቅ አድርገው አነበቡት፤ አራት ቦታ አጠፉትና ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አድርገው መኪናቸውን አስነሡ።